ቁፋሮው ሦስት ዓመት ይቁም አልኩ፤ 26 መልስ መጣልኝ

መነሻ ጽሑፌ

ሰላም ለዚህ መድረክ ቤተሰቦች። ዛሬ ብዙዎቻችሁ የማትወዱትን ነገር ልጽፍ ነው። በአገራችን አዲስ የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ ለሦስት ዓመት ይቁም። ገንዘቡም ጉልበቱም እስካሁን የተቆፈረውን በወጉ ለማስቀመጥ ይዋል።

እንዲህ የምለው ከመሬት ተነስቼ አይደለም። ተማሪ ሳለሁ በአንድ የሕዝብ ቅርስ ማስቀመጫ ውስጥ ሁለት ወር ሙሉ ገል ስለይ ከረምኩ። ቦታውን ስም አልጠራም። ሠራተኞቹ ደጋግ ሰዎች ነበሩ፤ ያጡት በጀት ነው። ከኋላ ያለው ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ መስኮቱ አይዘጋም። እዚያ ውስጥ ማዳበሪያ በማዳበሪያ ላይ ተቆልሏል። አንዱን ስፈታው ቀይ፣ የተወለወለ፣ አፉ ዙሪያ ጌጥ የተጫረበት ገል ወጣ። በጣም ደስ አለኝ። ቀጥሎ ወረቀቱን ፈለግሁ። ከየት ቦታ፣ ከየትኛው ጉድጓድ፣ ከስንተኛው የአፈር ንብርብር እንደወጣ የሚናገረውን ወረቀት ማለቴ ነው። ምስጥ በልቶት የተረፈው የጥፍር ያህል ብቻ ነበር። ቁጥር የለውም። የቆፈረው ሰው ያንን ገል ሲያወጣ ለክቶታል፣ ሥሎታል፣ ፎቶ አንስቶታል። አሁን ግን ትናንት ጓሮ ከተሰበረ እንስራ የሚለየው ነገር የለም።

ጥያቄዬ ይህ ነው። መደርደሪያ ሳይኖረን ለምን እንቆፍራለን?

የመጡት መልሶች

የመልሶቹ ክር ስለረዘመ አዲስ የምትገቡ እንዳትቸገሩ ፍሬ ነገሩን በቅደም ተከተል አስቀምጫለሁ።

ቁጥር 1። የመጀመሪያው መልስ ጨዋ ነበር። አንድ የታሪክ መምህር ሐሳቡን አመስግነው፣ ተማሪዎቻቸውን በየዓመቱ አምስት ኪሎ ወደ ብሔራዊ ሙዚየም እንደሚወስዱ ነገሩን። ልጆቹ መስታወት ውስጥ ያለችውን ድንቅነሽን አይተው ይመለሳሉ። ከመስታወቱ ጀርባ ስላለው ዕቃ ቤት ግን ጠይቀው እንደማያውቁ፣ ይህም እንደቆጫቸው ጻፉ።

ቁጥር 2። አንድ ሰው መምህሩን በትሕትና አረማቸው። መስታወት ውስጥ የቆመው ቅጂ ነው። ዋናው አጥንት ተቆልፎበት ይቀመጣል፣ የሚወጣውም አልፎ አልፎ ነው። መምህሩ አልተቀየሙም፤ እንዲያውም ለልጆቹ በሚቀጥለው ዓመት እንደሚነግሯቸው ቃል ገቡ።

ቁጥር 3። እዚህ ላይ ነገሩ ሞቀ። የጻፈው ዕድሜውን መስክ ላይ የጨረሰ ቆፋሪ ነው። የእኔን ሐሳብ የወንበር ላይ ሐሳብ አድርጎ ነው ያየው። መንገድ ሲጠረግ፣ ግድብ ሲሠራ፣ የፎቅ መሠረት ሲወጣ ግሬደሩ ሦስት ዓመት ቆሞ እንደማይጠብቀኝ አስታወሰኝ። ጎርፍም አይጠብቅም። አፋር ውስጥ ቅሪተ አካል ብቅ የሚለው ዝናብ አፈሩን ሲያጥበው ነው። በጊዜው ካልተነሳ የሚቀጥለው ዝናብ ሰባብሮ ይወስደዋል። ድንቅነሽ እንኳን ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችው ከአንድ ቦይ ዳገት ላይ የክንድ አጥንት ስባሪ ብቅ ብሎ ስለታየ ነው። ያኔ ቁፋሮ ቆሟል ተብሎ ቢሆንስ ኖሮ ሲል ጠየቀኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

ቁጥር 4 ለቁጥር 3 ድጋፍ ብቻ ነው።

ቁጥር 5። አንድ ወጣት የልቡን ጠየቀ። ገል የተተኮሰ ጭቃ ነው፤ ሁለት ሺህ ዓመት አፈር ውስጥ ኖሮ ምንም አልሆነም። ታዲያ ማዳበሪያ ውስጥ አሥር ዓመት ቢቀመጥ ምን ይጎድለዋል? ብዙ ሰው ይህን እንደሚያስብ ስለማውቅ ጥያቄው ደስ አለኝ።

ቁጥር 6። ለእኔ የክሩ ምርጥ መልስ ይህ ነው። የጻፈችው የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት፤ ረጅም ስለሆነ እኔም ረዘም አደርገዋለሁ።

ዕቃ መሬት ውስጥ ሲቀበር መጀመሪያ ይጎዳል፣ ከዚያ ካካባቢው ጋር ይላመዳል። ብርሃን የለም፣ እርጥበቱም ብዙ አይለዋወጥም። የወጣ ቀን ያ ሁሉ ይፈርሳል። ገል አፈር ውስጥ ሳለ ጨው ይጠጣል። ክረምት እርጥበት ሲስብ ጨዉ ይሟሟል፤ በጋ ሲደርቅ ጨዉ ፊቱ ላይ ወጥቶ ይረጋና ልጡን እየገፋ ያራግፈዋል። ማዳበሪያው ሥር የሚገኘው ዱቄት አቧራ የሚመስለው ሰው አለ። ብዙ ጊዜ ግን የገሉ ፊት ነው፣ ጌጡም አብሮ የሄደ ነው። አጥንት ደግሞ እርጥበት ከፍ ዝቅ ሲልበት ይሰነጠቃል። ብረት ይዝጋል።

ነሐስ የራሱ በሽታ አለው። ፈካ ያለ አረንጓዴ ዱቄት ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። ውስጡ የተደበቀ ክሎራይድ እርጥበትና አየር ሲያገኝ ነሐሱን ይበላዋል። ካልተገታ አንድ የአክሱም ሳንቲም ዱቄት እስኪሆን ድረስ ይሄዳል። መፍትሔው ውድ ማሽን እንዳልሆነ አስረዳች። በደንብ የሚገጠም የፕላስቲክ ዕቃ፣ ጫማ ስንገዛ ካርቶኑ ውስጥ የምናገኛት ዓይነት ሲሊካ ጄል፣ እርጥበቱን ከ35 በመቶ በታች የሚጠብቅ ሰው። ሲሊካ ጄሉ ሲጠግብ እየደረቀ መመለስ አለበት፤ ረስቶ መተው ካላስቀመጡት አይሻልም።

ስለ ባልጩት የጻፈችው ለእኔ አዲስ ነበር። ሃምሳ ባልጩት አንድ ላስቲክ ውስጥ ከተን በመኪና ስንጭን እርስ በርሱ ይጋጫል። ስለቱ ይሸራረፋል። ኋላ አንድ ተመራማሪ በማይክሮስኮፕ ሲያየው ሽርፍራፊው የጥንት ሰው ቆዳ ሲፍቅበት የመጣ ይሁን የእኛ ላስቲክ ያመጣው መለየት ያቅተዋል። የጥንት የድንጋይ መሣሪያ የሚወጣባቸውን መልካ ቁንጥሬንና ባልጪትን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል ዕቃ እንደሚነካ ይገባዋል። ባልጪት ስሙ ራሱ ከባልጩት ነው።

በመጨረሻ ስለ ቁጥር ጻፈች። የድንቅነሽ መለያ ኤ.ኤል. 288-1 ነው። ኤ.ኤል. አፋር የሚለውንና ቦታ የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ያሳጥራል፤ 288ኛው ቦታ፣ የመጀመሪያው ግኝት ማለት ነው። ሰላም የተባለችው የሕፃን ቅሪተ አካል መለያ ዲአይኬ-1-1 ነው፤ ዲአይኬ የተገኘችበት የአፋር ቦታ ዲኪካ ማለት ነው። አርዲ የተባለችው የሌላዋ ጥንታዊ ቅሪተ አካል ኤአርኤ-ቪፒ-6/500 ሲሆን ኤአርኤ የተገኘችበት አራሚስ ነው። እያንዳንዱ ቁጥር ዕቃው የወጣበትን መሬት ያመለክታል። ያ ቁጥር ከዕቃው ከተለየ የኔ ቀይ ገል የደረሰበት ይደርሳል።

ቁጥር 7። አንድ አባት ሴት አያታቸው የመዳብ ዕቃ በሎሚና በአመድ እንዴት አድርገው እንደሚያበሩት ጻፉ። ሳንቲሙም እንዲሁ ቢታሽ ይጸዳል የሚል ምክር ነው።

ቁጥር 8። የላቦራቶሪ ባለሙያዋ እንዲህ እንዳያደርጉ ለመነቻቸው። አክሱማውያን ከብርና ከነሐስ በሠሯቸው አንዳንድ ሳንቲሞች ላይ በንጉሡ ራስ ወይም በመስቀሉ ዙሪያ ስስ ወርቅ ያኖሩ ነበር። በሌላው ዓለም እንዲህ ያለ ሳንቲም ማየት ብርቅ ነው። ሎሚና አመድ የነካው ቀን ያ ወርቅ ከአረንጓዴው ጋር ይታጠባል።

ቁጥር 9። አባታችን ተቀየሙ። የዛሬ ልጆች የአያት ጥበብ እንደናቁ ጻፉ። እኔ ግን ባለሙያዋ የናቀች አልመሰለኝም። ለቤት ሳህን የሚሆን ነገር ለቅርስ ሳይሆን ሊቀር ይችላል፤ አያትየውም ሳህናቸውን ነው ያበሩት።

ቁጥር 10። አንድ ተማሪ ቁጥሩን ራሱ ገሉ ላይ ለመጻፍ የጥፍር ቀለም ቀብቶ በላዩ ላይ እንደሚጽፍ ነገረን። መምህሩ እንዲህ ነው ያስተማሩት። ሌላ ሰው እዚያው ሥር አረመው። የጥፍር ቀለም ቢጫ ይሆናል፣ ይሰነጠቃል፣ ቁጥሩን ይዞ ይላጣል። ሙያተኞች የሚጠቀሙት ፓራሎይድ ቢ-72 የሚባል ሙጫ በአሴቶን አሟሙተው ነው። እሱ ቢጫ አይሆንም፣ ሲያስፈልግም በዚያው በአሴቶን ይነሳል። ቁጥሩም የሚጻፈው ጌጡ ላይ ሳይሆን ከጀርባ ወይም ከውስጥ በኩል በትንሹ ነው።

ቁጥር 11። ለምን አሮጌ ዕቃ ላይ ጊዜ እናጠፋለን ለሚል ሰው ይህን መልስ አሳዩልኝ። ጸሐፊው ሁለት ታሪክ አመጣ። አንደኛው፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ድንቅነሽ አሜሪካ ሳለች ኦስቲን ውስጥ በስካን ከ35,000 በላይ ቁርጥ ምስል ተነሳላት። ከዛፍ ወድቃ ሞተች የሚለው እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣውና እስካሁን የሚያከራክረው ጥናት የተሠራው ከዚያ ምስል ነው። አዲስ ቁፋሮ አላስፈለገም።

ሁለተኛው የበለጠ ገረመኝ። እ.ኤ.አ. በ2015 ተመራማሪዎች ከድንቅነሽ የጀርባ አጥንቶች መካከል አንዷ ትንሽ ስባሪ የሷ እንዳልሆነች አረጋገጡ። የዝንጀሮ ናት። ያውም ዛሬ ሰሜን ተራራ ላይ የምናየው የጭላዳ የሩቅ ዘመድ። 40 ዓመት ሙሉ ከድንቅነሽ ጋር ተቆጥራ ኖራለች። ስህተቱ ሊታረም የቻለው እያንዳንዷ ስባሪ የየራሷን መለያ ይዛ ስለተቀመጠች ነው።

ቁጥር 12። ከቨርጂኒያ የጻፈ ወገናችን እዚያ አገር የቅርስ ማስቀመጫ ውስጥ ሠርቷል። አሜሪካ ውስጥ በፌዴራል መሬት ላይ ለመቆፈር ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ግኝቱን የትኛው ተቋም ተረክቦ እንደሚያስቀምጥ አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ስለ አያያዙ ራሱን የቻለ ደንብ አለ። ብዙ ማስቀመጫዎችም በካርቶን ሒሳብ ያስከፍላሉ፤ ቆፋሪው በጀት ሲያወጣ የካርቶኑን ዋጋ አብሮ ያስገባል። እዚያም ቢሆን መጋዘን ሞልቶ የተቸገሩ ብዙ እንደሆኑ አልደበቀም። ሐሳቡን ወደድኩት። እኔ ቁፋሮ ይቁም ያልኩትን እሱ ቁፋሮው መደርደሪያውን ይዞ ይምጣ ወደሚል ለወጠው።

ቁጥር 13። አሁን ደግሞ ኃይለኛ ቁጣ መጣ። ጸሐፊዋ በአደባባይ ገመናችንን በማውጣቴ አዝናለች። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የተዘረፈውን ይዘው የተቀመጡ ሰዎች ኢትዮጵያውያን ማስቀመጥ አይችሉም እያሉ እንደሚከራከሩ፣ እኔም ለእነሱ ጥይት እያቀበልኩ እንደሆነ ጻፈች። ቃሏ ከባድ ነበር። ያሳሰባት ነገር ግን እውነት ነው፤ በቀላሉ አላለፍኩትም።

ቁጥር 14። የቨርጂኒያው ሰው መለሰላት። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 የብሪቲሽ ሙዚየም ራሱ ወደ 2,000 የሚጠጉ ዕቃዎች ከዕቃ ቤቱ እንደጠፉ፣ እንደተሰረቁ ወይም እንደተጎዱ አምኗል። ዳይሬክተሩም ሥራ ለቀዋል። ከዕቃዎቹ ብዙዎቹ በሚገባ ያልተመዘገቡ ትናንሽ ጌጦች ነበሩ። ስለዚህ ችግሩን መናገር የድሃ አገር ገመና ማውጣት ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም የሚል ነው መልሱ። ያልተመዘገበ ዕቃ ለንደንም ይጠፋል።

ከቁጥር 15 እስከ 18 ውይይቱ ወደ ታቦታቱ ሄደ። በብሪቲሽ ሙዚየም 11 ታቦታት አሉ፤ ለሕዝብ አይታዩም፣ የሙዚየሙ ባለሙያዎችም አያዩዋቸውም። አንዱ ይህ ክብር ነው አለ፣ ሌላው ታስረው መቀመጣቸው ክብር ሊባል እንደማይችል ተከራከረ። እኔ ከሁለተኛው ጋር ነኝ። ማንም የማያያቸው ከሆነ እዚያ የሚቀመጡበት ምክንያት አይታየኝም። ቁጥር 18 ላይ አንድ ዲያቆን በአብያተ ክርስቲያናት ዕቃ ቤት የሚባል ክፍል፣ ኃላፊነቱን የሚረከብ ሰውና የንብረት መዝገብ ከጥንት ጀምሮ እንዳለ፣ ርክክቡም በቆጠራ እንደሚደረግ አስታወሰን። ሥርዓቱን ከውጭ የምንማረው አዲስ ነገር አድርገን ማየታችን ትክክል አይደለም። ሥር ያለው የራሳችን ልማድ ነው።

ቁጥር 19 የተሰረዘ ነው። ስድብ ስለነበረበት አስተዳዳሪዎቹ አነሱት።

ቁጥር 20። መምህሩ ተመልሰው መጡና ወደ ጉዳያችን መለሱን። እ.ኤ.አ. መስከረም 2 ቀን 2018 ሪዮ ዴ ጃኔሮ ያለው የብራዚል ብሔራዊ ሙዚየም እንዴት በአንድ ሌሊት እንደነደደ ጻፉ። 20 ሚሊዮን ያህል ዕቃ ነበረው። በአገሩ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዷ የሆነችው የሉዚያ የራስ ቅል እዚያ ነበረች፤ ስብርባሪዋ ኋላ ከፍርስራሹ ተለቅሞ ተገኘ። የፖሊስ ምርመራ እሳቱ ከአየር ማቀዝቀዣ እንደተነሳ ደርሶበታል። መምህሩ የየማስቀመጫውን የኤሌክትሪክ መስመር ማን እንደሚያየው ጠየቁ። እስካሁን መልስ የሰጠ የለም።

ቁጥር 21። በአንድ ሙዚየም የሚሠራ ወጣት ኢክሮም የተባለው ሮም ያለ ዓለም አቀፍ የቅርስ ጥበቃ ድርጅት ከዩኔስኮ ጋር ስላዘጋጀው ሪ-ኦርግ ስለሚባል አሠራር ነገረን። ኢክሮም እንደሚለው በዓለም ዙሪያ በዕቃ ቤት ካለው ስብስብ 60 በመቶው አደጋ ላይ ነው። አሠራሩ የተዘጋጀው ገንዘብ ለሌላቸው ነው። መለኪያዎቹ ቀላል ናቸው። ማንኛውም ዕቃ በሦስት ደቂቃ ውስጥ የት እንዳለ መታወቅ አለበት። እሱን ለማንሳት ከሁለት በላይ ሌላ ዕቃ ማንቀሳቀስ ሊያስፈልግ አይገባም። ክፍሉ ውስጥ ከስብስቡ ሌላ ነገር አይቀመጥም። ኃላፊነቱን የወሰደ አንድ የሠለጠነ ሰው ይኖራል። ወጣቱ ራሱ ሰዓት ይዞ ሞክሮ አንዱን ዕቃ ለማግኘት ግማሽ ቀን እንደፈጀበት በግልጽ ጽፏል። ድፍረቱን አከብራለሁ።

ቁጥር 22 የእኔ ነው። ሦስት ዓመት ይቁም ያልኩትን አነሳሁ። ቁጥር 3 እና 12 አሳምነውኛል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ መቆፈር አይቻልም። እንግዲያው ፈቃዱ ሲሰጥ መደርደሪያው፣ ካርቶኑ፣ መዝጋቢው ሰው በበጀቱ ውስጥ መኖሩ ይታይ። የሰላምን ታሪክም ጨመርኩ። ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2000 ዲኪካ ላይ አገኛት፤ ዘረሰናይ ከአሸዋ ድንጋዩ ውስጥ በጥርስ ሐኪም መሣሪያ እየፈለፈለ ለማውጣት ግን ዓመታት ወስዶበታል። ለዓለም ያስተዋወቃት እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። የመስኩ ሥራ በሳምንት ቢቆጠር የዕቃ ቤቱ በዓመት ነው የሚቆጠረው።

ቁጥር 23። አንድ ሰው ይህ ሁሉ ወሬ እንደሆነና ብር የሚሰጥ እንደሌለ በአንድ መስመር ጻፈ።

ቁጥር 24። ከአንድ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት የጻፈች እህት ለቁጥር 23 ሳትመልስ ቀጥታ ወደ ችግሯ ገባች። ቢሮዋ ደረጃ ሥር ከተሰበሩ ወንበሮችና ከአሮጌ ባነር ጋር 11 ማዳበሪያ ገል አለ። ማን እንዳመጣው የሚያውቅ ሠራተኛ የለም። በጀት የላትም። ሰኞ ጠዋት ገብታ ምን ታድርግ?

ቁጥር 25። የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ያንኑ ዕለት ማታ መለሰችላት። ከማንቀሳቀስ በፊት እንዳለ ፎቶ ይነሳ፤ የትኛው ማዳበሪያ ከየትኛው አጠገብ እንደነበር ራሱ መረጃ ነው። አንድ ማዳበሪያ ተፈትቶ ሳያልቅ ሁለተኛው አይፈታ። ምንም አይታጠብ፤ ማሰሮ ውስጥ የጥንት ምግብ ቅሪት ሊኖር ይችላል፣ ላቦራቶሪ ሊያነበው የሚችለውን ውኃ ያጠፋዋል። ወረቀት የሚጻፈው በእርሳስ ነው፤ የእስክሪብቶ ቀለም በእርጥበት ይፈስሳል፣ በብርሃን ይጠፋል። ሁለት ወረቀት ይኑር፤ አንዱ በትንሽ ላስቲክ ታሽጎ ከገሉ ጋር ውስጥ፣ አንዱ ውጭ። ከወለሉ በብሎኬትና በጣውላ ከፍ ይበል፣ ከግድግዳው ይራቅ። አሮጌው ማዳበሪያ ላይ ጽሑፍ ካለ ማዳበሪያው ራሱ አይጣል።

ቁጥር 26። እህታችን በዘጠነኛው ቀን ተመለሰች። አራቱ ማዳበሪያ ውስጥ የሚነበብ ወረቀት ተገኝቷል። ሁለቱ ላይ ጽሑፉ ያለው ውጭ ማዳበሪያው ላይ ነው፤ አንዱን ጽዳት ሠራተኛዋ ልትጥለው ስትል ነው ያስቆመቻት። አምስቱ ምንም የላቸውም። እነሱን ለብቻ አድርጋ የነበሩበትን ቦታ ጽፋባቸዋለች። የወረቀቶቹንም ፎቶ ለጠፈች።

ፎቶውን አይቶ የደወለላት ቁጥር 3 ነው፤ ያ የተቆጣኝ ቆፋሪ። የእጅ ጽሑፉን አውቆታል። ድሮ አብሮት መስክ የወጣ፣ አሁን ጡረታ የወጣ ባልደረባው ነው። ባልደረባው የዚያን ጊዜ የመስክ ደብተሩ ቤቱ ሣጥን ውስጥ እንዳለ በስልክ አረጋግጧል። አምስቱን ቁጥር አልባ ማዳበሪያ ከደብተሩ ጋር ለማየት ቅዳሜ አብረው ሊሄዱ ተቀጣጥረዋል።